ያልተተፋ ምራቅ

እስራኤል አገር በአፉላ ኢሊት የሚኖሩ የጎንደር ሰዎች ለገሰን ሲያነሱ ሁለት ነገር ይሉ ነበር። አንደኛው፣ እጁ ሳይጎዳ በፊት ብረት የሚታዘዝለት ሰው ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ምርቃቱ ደረቅ ነው የሚል። የአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ በተመራቂው ራስ ላይ ጠብታ ምራቅ ጣል ያደርጋል። ለገሰ ግን ቃሉን አሳምሮ ይናገራል፣ እጁን ራስ ላይ ይጭናል፣ ከዚያ አፉን ግጥም ያደርጋል። የሱፍ ፍሬ ሲበላ እንኳ ቅርፊቱን በጣቱ ከአፉ ያወጣል እንጂ እንትፍ አይልም።

ልጁ ዮታም ወታደር ሊሆን የሄደ ዕለት ሽማግሌዎቹ በማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ተሰብስበው ነበር። በየተራ እንትፍ እንትፍ ሲሉበት አዲስ የተላጨው የልጁ ራስ ረጠበ። የገዛ አባቱ ተራ ሲደርስ ግን ለገሰ እጁን ጭኖ፣ «በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ» አለና ዞር አለ። ካሴ የሚባለው የሰፈሩ ቀልደኛ፣ «ለገሰ ምራቁንም ለክፉ ቀን ነው የሚያስቀምጠው» ብሎ ሰውን አሳቀ። ለገሰም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ?

ይህ ሰው ወገራ ውስጥ ጠይብ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር የሚሠራ፣ ወናፉን አባቱ የነፋው፣ አባቱም ከአባቱ የተማረው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ሲመጣ ከዕቃው ሁሉ አንዲት ጉጠት ብቻ በጋቢው ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ እሷንም አውሮፕላኑ በር ላይ ተቀበሉት። አፉላ ላይ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ የብረት ፋብሪካ ቀጠረው። እዚያ ብረት አይመታም፤ ብረት የሚጨፈልቅ መኪና ውስጥ ቆርቆሮ ያስገባል፣ ያወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስገባና ሲያወጣ ኖሮ አንድ ቀን መኪናው የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደ። የጡረታ ወረቀቱን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ቤት ዋለ።

ፋብሪካው ውስጥ ደም ለግሱ ሲባል ቀድሞ ክንዱን የሚዘረጋው እሱ ነበር። ሰዎቹ ጎበዝ ነህ ይሉታል፣ ብስኩትና ጭማቂ ይሰጡታል፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። ኋላ የኢትዮጵያውያን ደም ተወስዶ ሲያበቃ ይደፋ እንደነበር በሬዲዮ ሲነገር ለገሰ ሻዩን አስቀምጦ ሚስቱን ካሰችን አያት። «እዚያ ደም ትጠጣለህ አሉኝ፤ እዚህ ደግሞ ያንተ አይጠጣም አሉኝ» አለ። ለቀልድ ያለው ነበር፤ ካሰች ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮታም ከመወለዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያ በወገራ መንደር፣ ለገሰ የጎረቤት ልጅ በልቷል ተብሎ ነበር። ጠይብ ሁሉ ቡዳ ነው፣ የእኛ ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ ደግሞ ሁሉም ጠይብ ነው በሚባልበት አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለለገሰ ግን አላረጀም። ካሰች ገና አፉላ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ያንን ነገር በልጄ ጆሮ ብታስገባ አልምርህም። ልጄ ስሙ ተቀይሯል፣ አገሩ ተቀይሯል። ንጹሕ ሆኖ ይደግ» ብላ አስማለችው። እውነትም ልጁ ሲወለድ እንዳለው የሚል ስም ወጥቶለት፣ በአምስት ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ አስተማሪዋ ዮታም ብላው ዮታም ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለገሰም ማለ። ማለና አሥራ ስድስት ዓመት ቃሉን ጠበቀ።

ደግሞ በምን ቋንቋ ይንገረው? ልጁ ያለው አማርኛ የኩሽና አማርኛ ነው፤ ብላ፣ ተኛ፣ በሩን ዝጋ። አባትየው ያለው ዕብራይስጥ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፤ አንሳ፣ ተጠንቀቅ፣ ነገ ና። በእነዚህ ቃላት ሆድ ያለውን ማውጣት አይቻልም። እናም አንዱ ሌላውን እያየ፣ እየተዋደዱ፣ ዝም ብለው ኖሩ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ላይ ነው። ዮታም ውትድርናውን ጨርሶ እዚያው ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ አንድ መጋዘን ተቀጥሯል። የጠዋቱን ምሽመረት፣ የጠዋቱን ፈረቃ ማለት ነው፣ ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጫማውን ያወልቃል፣ ትሪሱን፣ ያንን የመስኮት መጋረጃ ቆርቆሮ፣ እስከ ታች ይለቀዋል፣ ጨለማ ውስጥ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል። ካሰች ትምህርት ቤት ስታጸዳ ውላ እስክትመለስ ድረስ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ዝናብ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለገሰ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ያለበት ጠርሙስ ይዞ ገባ። በሁለት ጣት ክዳን አይከፈትም። ዮታም ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ መስኮት ሳያነሳ ከፈተለት። ለገሰ ግን አልወጣም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ጥቁር ግንብ ነበር። ዝናብ ይዘንባል፣ ቁራዎች ይዞራሉ፣ ከታች ደግሞ የመንደር ሰዎች ችቦ ይዘው ቆመዋል።

«ይኼ ግንብ የማነው?» አለ።

«የአርፓድ ነው።»

«አርፓድ ደግሞ ምንድን ነው?»

ዮታም ቃሉን ፈለገ። የሚያውቃቸውን አማርኛዎች ሁሉ አገላብጦ አጣው። «ደም የሚጠጣ ሰው። ሰው የሚበላ። እንትን...» አለና ድንገት እናቱ በልጅነቱ መስኮት አጠገብ ሲበላ የምትጮህበት ነገር ትዝ አለው። «ቡዳ! እንደ ቡዳ ነው፣ አባ።»

ልጁ ቃሉን በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር። ለእሱ ቡዳ ማለት እናቱ ልጅ የምታስፈራራበት ነገር ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ለገሰ ግን ጠርሙሱን አስቀመጠ።

«ቡዳ ነው ያለው ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«መንደሩ። ሁሉም ሰው።»

«ሲበላ አዩት?»

«አባ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«አዩት ወይ ነው ያልኩህ።»

ዮታም አሰበ። «ሎ፣ አላዩም። ልጆች ይሞታሉ፣ እነሱ ደሞ እሱ ነው ይላሉ።»

ለገሰ ወጥቶ የኩሽናውን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ አመጣና ከልጁ ጎን ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ወደ ኩሽና አልተመለሰም። ዮታም ከሥራ ሲመጣ አባቱ የሱፍ ፍሬ በሳህን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዮታም በጨዋታው ውስጥ መንደሩ የላከው አዳኝ ነው፤ ግንቡ ውስጥ ገብቶ አርፓዱን አግኝቶ መግደል አለበት። ለገሰ ደግሞ ማንም ሳይቀጥረው የአርፓዱ ጠበቃ ሆነ። ከጥብቅናው በፊት ግን ቤቱን መተቸት ነበረበት። «ሰው የሌለበት ቤት ይኼን ሁሉ ሻማ ማን ነው የሚያበራው?» ይላል። «ጣሪያው ያፈሳል፣ ምንጣፉ ግን ደረቅ ነው፤ ምን ዓይነት ቤት ነው?» ዮታም ይስቃል። አንድ ጊዜ የግንቡን ድንጋይ አተኩሮ አይቶ፣ «ይኼንስ የሠራው ሙያ ያለው ሰው ነው። የጎንደሩንም ግንብ ድንጋይ ሲጠርቡ የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ሠርተው ሲያበቁ ግን በበሩ አላስገቧቸውም» አለ። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጨዋታውን አቁሞ፣ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። በሃያ አንድ ዓመቱ አባቱን ስለ አገሩ ለምን ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ አዳኙ ወደ ምድር ቤት ወርዶ የብረት ማቅለጫ አገኘ። ምድጃው ይነድዳል፣ ወናፍ አለ፣ ትልቅ ጎድጓዳ የደወል ቅርጽ አለ። ለገሰ ከወንበሩ ተነሳ። «ወናፍ እንዲህ አይደለም የሚነፋው! በአንድ እጅ ነው እንዴ? ሁለት ናቸው እኮ፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይተፋል...» አለና እጆቹን ከፍ ዝቅ እያደረገ አሳየው፤ የተቆረጠውን እጅም ጭምር። ዮታም የአባቱን እጅ እንዲህ ሲንቀሳቀስ አይቶት አያውቅም። «እንደገና አሳየኝ» አለው። ለገሰ እንደገና አሳየው፤ ላብ እስኪያጠምቀው አሳየው። ካሰች ያን ዕለት ስትመለስ ሁለቱም እየሳቁ አገኘቻቸውና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

አርፓዱ አርፓድ ከመባሉ በፊት ደወል ሠሪ ነበር። ዮታም ይህን ያወቀው በየክፍሉ ተበትነው ከሚገኙ የማስታወሻ ወረቀቶች ነው። ወረቀቶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ልጁ በልቡ ወደ ዕብራይስጥ ይገለብጣቸዋል፣ ከዚያ ባለችው አማርኛ ለአባቱ ይነግራል፤ ለገሰ ደግሞ የጎደለውን እየሞላ ይሰማል። ደወል ሠሪው ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ደወል ሠራ። በወሩ ልጆች መታመም ጀመሩ። ሰዎቹ ደወሉ ነው፣ እጁ ነው አሉ። ሚስቱ ስትሞት ከሰው መቃብር ከለከሏት። ለገሰ እያንዳንዱን ወረቀት ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ «እህ» ይላል፣ የሚያውቀውን ታሪክ እንደሚሰማ ሰው።

«የእሱ ሞቲቫጽያ ግን ምንድን ነው?» አለ ዮታም አንድ ቀን ለራሱ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ሠራዊት ውስጥ ይጠይቁሃል። ሞቲቫጽያ አለህ ወይ? ምን... ለምን ታደርጋለህ፣ ሆድህ ውስጥ ምን አለ፣ እንደዚያ።»

«ይኼ ሰው ምንም አላደረገም» አለ ለገሰ። «ላላደረገው ነገር ምን ምክንያት ይኑረው?»

እዚህ ላይ የለገሰን ልብ መናገር አለብኝ። ሰውዬው ጨዋታው ገዶት አልነበረም። ይፈልግ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቶቹ ሲያልቁ ልጁ በራሱ አፍ፣ «አባ፣ ይኼ ሰው እኮ አልበላም» እንዲለው። ያን ካለ፣ ለገሰ መሐላውን አፍርሶ የራሱን ነገር ሊነግረው ቆርጧል። ከዚያ ልጁ ያንኑ ቃል ለእሱም ይደግምለታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ይጠብቃል። ካሰች ብላው አታውቅም፤ አብራው ተሰደደች፣ አብራው ተራበች፣ ግን አልበላህም ብላው አታውቅም። እሱም ደፍሮ አልጠየቃትም።

ሐሙስ ቀን ነው፤ ውጭም ይዘንብ ነበር። አዳኙ የግንቡን ጫፍ ወጥቶ ደወሉ ያለበት ክፍል ገባ። ደወል ሠሪው ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ከደወሉ ሥር የመጨረሻዋ ወረቀት ወድቃለች። ዮታም ከፈታት፣ አነበበ።

«ምን ይላል?»

«ረጋ፣ ቆይ።» ልጁ እንደገና አነበበ። «አባ... በላት ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ራሱ። እሱ ነው የጻፈው። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ልጅ። ጠማኝ ይላል። ትንሽ ብቻ እጠጣለሁ ብዬ ነበር፣ አቅቶኝ ጨረስኳት ይላል።»

«ውሸት ነው» አለ ለገሰ። «ደብድበው አስለፍልፈውት ነው።»

«ማንም አልመታውም። ብቻውን ነው።»

«ብቻውንም ቢሆን! ሁሉም በላህ በላህ ሲሉህ አንተም ትለዋለህ!»

ዮታም ዞሮ አባቱን አየው። ድምፁን እንዲህ ከፍ አድርጎ ሰምቶት አያውቅም። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሁለት ምርጫ ወጥቶ ነበር፤ ግደለው የሚልና ልቀቀው የሚል።

«ምን ላድርግ?» አለ ልጁ።

«ልቀቀው።»

«ለምን? በልቷታል እኮ።»

ለገሰ የሱፍ ፍሬውን ሳህን መሬት አስቀመጠ። «እኔንም ብለውኛል» አለ። መሐላው በዚህ ፈረሰ።

እናም ነገረው። ልጁ ሊገባው በሚችል አማርኛ፣ ያልገባውንም በፋብሪካ ዕብራይስጡ እየጠጋገነ ነገረው። አቻምየለሽ የምትባል ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችን አለ። የባሏን ማረሻ እኔ ነበርኩ የምስልላቸው። እናኑ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረቻት። እናቷ ወደ ጠይቡ ቤት አትሂጂ እያለቻት ልጅቷ እየሾለከች ትመጣና ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ፍንጣሪውን ታያለች። ብረቱን ስመታው እሷ ታጨበጭባለች። አንድ ሰሞን ትኩሳት ያዛት። ጭስ አጠኗት፤ ማን በላሽ፣ ማን በላሽ እያሉ ጮኹባት። ትኩሳት ያነደዳት ልጅ ምን ትላለች? የምትወደውን ሰው ስም ጠራች። አያ ለገሰ አለች።

«መጥተው ወሰዱኝ» አለ ለገሰ። «ልጅቷ መደብ ላይ ተኝታለች። እናቷ እግሬ ሥር ተንበረከከች። የእኛን ሥርዓት ታውቃለች፤ ከእኛ ውጭ ያለ ሰው እንደማያስነካን ታውቃለች፤ ያን ጊዜ እንኳ እንዳትነካኝ ተጠንቅቃ ነው የተንበረከከችው። ‹አያ ለገሰ፣ እንትፍ በልባት። ሌላ ምንም አልልህም፤ ማንንም አልከስም። እንትፍ በልባትና ሂድ› አለችኝ።»

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ቡዳ ሲተፋበት ነው፤ እዚያ አገር እንዲያ ነው የሚታመነው። የለገሰ አባት ደግሞ ገና ወናፍ ሲያስነፋው ጀምሮ አንድ ነገር ነግሮት ነበር፤ ቢገድሉህም አትትፋ፤ የተፋህ ዕለት አዎ ቡዳ ነኝ ብለሃል፤ ከዚያ ወዲያ ልጅህም የልጅ ልጅህም ቡዳ ነው።

«ቡዳ አይደለሁም አልኩ። መቱኝ። እዚህ ጋ» አለና የትከሻውን አጥንት አሳየው። «አፌ በደም ሞላ። እሱንም አልተፋሁትም። ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች። እኛ ጎህ ሳይቀድ መንደሩን ለቀን ወጣን።»

ጨረሰ። ከዚያ ልጁን እያየ ጠበቀ።

ዮታም ወንበሩን ወደ አባቱ አስጠጋ። «ዋይ፣ አባ» አለ። እጁንም በአባቱ ጉልበት ላይ አደረገ። «ማ ፒቶም፣ እንዴት ተደርጎ! አልበላሃትም። ቡዳ የሚባል ነገር የለም እኮ። ስታም፣ እንዲያው ተረት ነው። ወባ ነው የገደላት፣ ወይ ሌላ በሽታ። ማንም ማንንም አይበላም።»

ይኸው መጣ። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀው ቃል መጣ፤ በልጁ አፍ፣ በደግ ድምፅ። ለገሰም ሸክሙ እስኪቀልለት ጠበቀ። አልቀለለትም። ለልጁ እኮ አርፓዱም ቡዳውም መንደሩም አቻምየለሽም ሁሉም ያው ተረት ናቸው። አልበላህም ሲለው፣ ግንብ የሚባል የለም፣ ዝናብ የሚባል የለም እንደማለት ነበር። ለገሰ የፈለገው ነገሩን የሚያውቅ፣ የሚፈራ ሰው አልበላህም እንዲለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወገራ ቀርቷል።

ልጁ ግን እያሰበ ነበር። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ጨዋታ ውስጥ የተቆለፈ በር ሲያጋጥመው እንደሚያስበው ያስብ ነበር።

«ግን ለምን አልተፋህም?» አለ።

ለገሰ የሱፍ ፍሬውን ሳህን ከመሬት አነሳ።

«አይደለም፣ ማለቴ... ልጅቷ ፈርታ ነበር፣ ናኮን፣ አይደል? የበላኝ እሱ ነው ብላ ታስባለች። አንተ ብትተፋ፣ ዳንኩ ብላ ታስብ ነበር። ምናልባት ትበላ ነበር፣ ትጠጣ ነበር። ባይሆንም እናቷ... እናቷ ለመነችህ። ምራቅ ብቻ ነው እኮ የጠየቀችህ።»

«አባቴ...»

«አውቃለሁ፣ ነገርከኝ። ግን እሱ አልነበረም፤ አንተ ነበርክ።» ልጁ ክፋት አልነበረውም። እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔ ብሆን እተፋ ነበር፣ አባ። ቡዳ ይበሉኝ። ምን ይሆናል?»

ለገሰ ይህን ጥያቄ አያውቀውም አይባልም። አልጋው ላይ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ለደም ክንዱን ሲዘረጋ ራሱን ጠይቋል። ግን የሚጠይቀው ራሱ ስለሆነ መልሱንም ራሱ ይሰጥ ነበር፤ ክብሬ ነው፣ ዘሬ ነው፣ ለሚወለደው ልጄ ስል ነው እያለ። አሁን የጠየቀው ያ የሚወለደው ልጅ ነው።

ዮታም ደግሞ ድንገት አንድ ነገር በራለት። «ለዚህ ነው ጣቢያ ላይ እኔንም ያልተፋህብኝ» አለ። «ካሴ ‹አባትህ አልመረቀህም› ብሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ አስብ ነበር።»

ዝናቡ በትሪሱ ላይ ያንኳኳ ነበር፤ የጨዋታውም ዝናብ እንደዚያው። ሁለቱ ምርጫዎች አሁንም ኮምፒዩተሩ ላይ ናቸው።

«ግደለው» አለ ለገሰ።

«ምን?»

«ደወል ሠሪውን። ግደለው።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ልቀቀው ያልከው?»

«ግደለው አልኩህ።»

ዮታም ተጫነ። አዳኙ ሰይፉን መዘዘ። ደወል ሠሪው ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። ደወሉ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ግንቡ ፈረሰ፣ ከሥር ወደ ላይ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ስም መውጣት ጀመረ። ካሰች ረጥባ ስትገባ ባሏን የፕላስቲክ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ኩሽና ሲመልስ አገኘችው። «ምን ሆናችሁ?» አለች። ዮታም፣ «ምንም፣ እማ። ጨዋታው አለቀ» አላት።

ከዚያ በኋላ ዮታም ሌሎች ጨዋታዎች አመጣ። «አባ፣ ና እይ፣ ይኼም ግንብ አለው» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራው። ለገሰ እጄን ያመኛል እያለ ቀረ። ልጁም መጥራቱን ተወ። ከፋሲካ ማግስት ደቡብ በኩል ሥራ አገኘሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተናል አለ። መቼ ትመለሳለህ ሲባል ትከሻውን ነቀነቀ። ካሰች አለቀሰች፤ ለገሰ ሻንጣውን በግራ እጁ ይዞ እስከ ማዕከላዊው ጣቢያ ሸኘው።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌ አልተሰበሰበም። ወታደሮች ቦርሳቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል፣ ተማሪዎች ይገፋፋሉ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ዮታም ሻንጣውን አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ተመለሰና አባቱ ፊት ቆመ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ራሱን ዝቅ አደረገ። እንደ ትንሽ ልጅ፣ ጸጉሩን ወደ አባቱ አፍ አስጠጋ።

«አባ፣ እንትፍ በልብኝ» አለ።

ለገሰ እጁን ጫነ። «በሰላም ሂድ» አለ፣ «በሰላም ተመለስ» አለ። አፉ ውስጥ ምራቅ ነበር፤ ሞልቶ ነበር። ልጁ እየጠበቀ ነው። ምራቅ ብቻ ነው። ነገር ግን አሁን ቢተፋ፣ ያኔም መትፋት ይችል ነበር ማለት ነው። ከንፈሩን ከፈተ። አቻምየለሽ እግሩ ሥር እንደተንበረከከች፣ እንዳትነካው እየተጠነቀቀች፣ ታየችው። ከንፈሩን መልሶ ገጠመ።

ዮታም እንዳጎነበሰ ትንሽ ቆየ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ቀና አለ፣ ያባቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ «ቤሴደር፣ አባ። ይሁን፣ ቤሴደር» አለና ገባ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ሄደ።

ለገሰ ምራቁን ዋጠና ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣውን አውቶቡስ ሊጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።